ከመቶ አምስት እጁ ባዕድ

አባ ጸጥታ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የመጭመቂያ ክፍሉ ሠራተኞች ናቸው። እቶኑ መቀዝቀዝ ከጀመረ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራ ሰው አይወዱም ነበር። የሚያፏጭ ካለ ዞር ብለው ያዩታል፤ ምንም አይሉትም፤ ሰውየው ፉጨቱን ራሱ ውጦ ያስቀራል። ወንበራቸውን ከእቶኑ ግድግዳ ሁለት እርምጃ ራቅ አድርገው፣ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን የሙቀት ቁጥሩ ላይ ተክለው ይቀመጣሉ። አዳዲሶቹ ሠራተኞች «ሽማግሌው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ» እያሉ ሲሳሳቁ፣ የቆዩት ግን እንደሚያዳምጡ ያውቃሉ። እቶን ሲቀዘቅዝ ይናገራል። ጡቡ ሲሰበሰብ አንድ ድምፅ አለው፣ የበሩ ብረት ሌላ፣ ውስጥ ያለው መደርደሪያ ደግሞ ሌላ። አባ ጸጥታ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እነዚህን ድምፆች ሰው የቤተሰቡን ሳል ለይቶ እንደሚያውቀው አውቀዋቸዋል።

ፋብሪካው የሚሠራው ነገር ሲያዩት ኢምንት ነው፤ መዳፍ የሚያህል ነጭ ቀለበት። ነገር ግን የከተማው ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው በፓምፕ ነው፤ ውሃው ደግሞ ዓይን የማያየው ደቃቅ አሸዋ ይዞ ይመጣል። የብረት ቀለበት ሲገጠም አሸዋው በወር ውስጥ ግጦ ይጨርሰዋል። ነጩ ቀለበት ግን ሦስት አራት ዓመት ምንም ሳይል ይሽከረከራል። የሚሠራው ዚርኮኒያ ከሚባል ዱቄት ነው። ዱቄቱ በቅርጽ ተጨምቆ፣ እቶን ገብቶ፣ በሺህ አምስት መቶ ዲግሪ ተተኩሶ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ፣ እንደ ጥርስ የነጣና ሞረድ የማይበግረው ሆኖ ይወጣል። ከዱቄቱ እስከ ቀለበቱ ባለው መንገድ ላይ እሳቱን የያዙት አባ ጸጥታ ነበሩ።

ነገሩ የተበላሸው አዲስ ሥራ አስኪያጅ በመጣ በስድስተኛው ወር ነው። ሰውየው ወጣት፣ ሥራ ወዳድ፣ ከማንም ቀድሞ የሚገባ፣ ከማንም በኋላ የሚወጣ ነበር፤ ክፋት የለበትም። የድሮው የዱቄት አቅራቢ ሥራውን ዘግቶ ስለነበር ሌላ ሲያፈላልግ ቆየና፣ አንድ ቀን ሠራተኛውን ሰብስቦ ሁለት ወረቀት አሳየ። በአንደኛው ላይ የድሮው ዱቄት ንጽሕና ከመቶ ዘጠና አራት ነጥብ ሰባት ተብሎ ተጽፏል። በሌላው ላይ የአዲሱ፣ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ። እስከ ዛሬ ከመቶ አምስት እጁ ምን እንደሆነ እንኳ የማይታወቅ ዱቄት ሲተኩሱ እንደኖሩ፣ ከእንግዲህ ግን ንጹሕ ነገር እንደሚሠሩ በኩራት ተናገረ። ሠራተኛው አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር አባ ጸጥታም አጨብጭበዋል። ንጹሕ ነገር ማን ይጠላል?

የመጀመሪያው ጭነት ሁለት መቶ አርባ ቀለበት ነበር። እቶኑ ነዶ ነዶ መውረድ ጀመረ፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ ከሺህ ዲግሪ በታች ሲወርድ አባ ጸጥታ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠዋል። ቁጥሩ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ላይ ሲደርስ ከውስጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣ። የጡብ አይደለም። የብረትም አይደለም። ቀና አሉ። ደግሞ ጠቅ፤ ከዚያ ሁለት አከታትሎ፤ ከዚያ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ እንደሚጀምረው ሆነ፣ መቁጠር እስኪያቅት። በሠላሳ አንድ ዓመት ያልሰሙት ድምፅ ነው። ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ቁጥሩን በደብተራቸው ላይ ጻፉ።

በሩ ሲከፈት አንድም ደህና ቀለበት አልነበረም። ግማሹ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፤ ግማሹ ቅርጹን ይዞ ቆሞ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ እጅ ሲነካው ግን ይፈርሳል። ሥራ አስኪያጁ አንዱን ሲያነሳው በጣቶቹ መሃል ወደ ጠጠርነት ተለወጠበት። እጁን እያራገፈ፣ ቶሎ አቀዝቅዘውት ይሆናል አለ። አባ ጸጥታ አልተከራከሩም። ሁለተኛውን ጭነት በእጥፍ ጊዜ አቀዘቀዙት። ዝናቡ በዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ላይ ጀመረ። ሦስተኛውን ከዚያም አዘገዩት፤ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት። አራተኛውን ሥራ አስኪያጁ ራሱ አጠገባቸው ቆሞ እያየ አወረዱት፤ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት። ቢያፈጥኑትም ቢያዘገዩትም፣ እቶኑ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አካባቢ ሲደርስ ያ ነገር ቀጠሮ እንዳለው ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል።

ሥራ አስኪያጁ ግን ለድምፁ ጆሮ አልሰጠም፤ ጆሮ የሰጠው ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ስልክ ነበር። በመጋዘን የቀረው ቀለበት ለሁለት ወር አይበቃም። ከዚያ በኋላ ፓምፖቹ በየተራ ይቆማሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። ሰው ሲጨንቀው ቅርቡ ያለውን ነው የሚይዘው፤ ቅርቡ ያሉት ደግሞ አባ ጸጥታ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ሁላችንም ሰው ነን፤ እንደክማለን» አላቸው፣ ቢሮው ጠርቶ ወንበር ከሰጣቸው በኋላ። «አንድ ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲ ትመጣለች። የእቶኑን አያያዝ ታይልናለች። ከዚያ ስለ ዕረፍትዎ እንነጋገራለን።»

አባ ጸጥታ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ እያዞሩ «እሺ» ብለው ወጡ። ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ፊታቸውን አይተው ነገሩን አወጣጧቸው። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ እንባም ይሁን ማጽናናት አያበዙም። መጀመሪያ የጠየቁት ሁሉንም ቁጥር በትክክል ጽፈው እንደሆነ ነው። ጽፈዋል። «አራት ጊዜ ያው ቁጥር ከመጣ የደከመው ሌላ ነው እንጂ አንተ አይደለህም» አሉና ሳህን ማቅረባቸውን ቀጠሉ። አባ ጸጥታ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ምግብ ወረደላቸው።

ባለሙያዋ የመጣች ዕለት የፋብሪካው ግቢ ጉድ ሆኖ ዋለ። ራጅ የሚያነሳ መሣሪያ ያላት ዶክተር ትመጣለች የሚል ወሬ ቀድሟት ደርሶ ነበርና፣ ገና ከመኪናዋ ስትወርድ የመጭመቂያ ክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጠበቃት። ከኋላው ወገባቸውን የያዙ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። ባለሙያዋ አጠር ያለች፣ ቦርሳዋን ራሷ የተሸከመች፣ አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት ነበረች። አልሳቀችባቸውም። እሷ ራጅ የምታነሳው ለዱቄትና ለድንጋይ እንደሆነ፣ ጉልበቱን ግን ሐኪም ቤት ቢያሳየው ደግ እንደሆነ በትሕትና ነገረችው። ሰውየው ሱሪውን አወረደ፤ ስሙ ግን ቀረላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በፋብሪካው ውስጥ ሐኪሟ ነው የምትባለው።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ቢሮ ሊወስዳት ሲል መጀመሪያ እቶኑን የሚያነደውን ሰው ማየት እንደምትፈልግ ነገረችው። አባ ጸጥታ አዳራሹ ውስጥ ቆመው ጠበቋት። የሚፈርዱባቸው ሰው መጣች ብለው ስላሰቡ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። እሷ ግን እቶኑን ዞር ዞር ብላ አየችና አንድ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሲሰነጠቅ እዚህ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«ምን ሰሙ?»

በዚያ ሁሉ ሳምንት ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አባ ጸጥታ መልስ ከመስጠት ይልቅ ደብተሩን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ሐኪሟ ገጹን ገለጠች፤ አራቱን ቁጥሮች አየች፤ ከጎናቸው በትንንሽ ፊደል «ጠቅታ ጀመረ»፣ «በዛ»፣ «ቆመ» ተብሎ የተጻፈውን አነበበች። ከተቀመጠችበት ሳታውቀው ተነሳች። ቆማ ደግማ አነበበችው።

«ይህን ቁጥር ከየት አገኙት?»

«ራሱ ነው የነገረኝ» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ እቶኑ እያመለከቱ።

ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይህን ቁጥር እሷ የምታውቀው ከመጽሐፍ እንደሆነ፣ መጽሐፉን የጻፉት ሰዎችም በስንት ውድ መሣሪያ እንደለኩት ነገረቻቸው። «እርስዎ በጆሮዎ ለኩት» አለች። «ጥፋት የለብዎትም፣ ጋሼ። ይህን ቀለበት ማንም ቢያቀዘቅዘው ይሰነጠቃል።»

አባ ጸጥታ የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ።

ሐኪሟ አዲሱን ዱቄት በብልቃጥ ወሰደች። የድሮውንም ጠየቀች፤ ዱቄቱ አልቋል፣ ግን አባ ጸጥታ መስኮታቸው ላይ እርሳስ የሚያስቀምጡበት አንድ አሮጌ ቀለበት ነበራቸው፤ እርሳሶቹን አፍስሰው ሰጧት። ከሦስት ቀን በኋላ የሁለቱንም ራጅ ይዛ ተመለሰች። አባ ጸጥታ አጥንት መሳይ ነገር ጠብቀው ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን እንደ ተራራ ጫፍ የሾሉ መስመሮች ብቻ ናቸው። የሁለቱ ወረቀቶች ጫፎች በአንድ ቦታ አይገጥሙም። ያው ዚርኮኒያ ሆኖ፣ ውስጡ ያሉት አቶሞች የተሰለፉበት መንገድ ይለያያል ማለት ነው አለች። ደግሞም በድሮው ቀለበት ውስጥ ሌላ ነገር አግኝታለች፤ ይትሪየም የሚባል ባዕድ አቶም፤ ይትሪያ የሚባለው ኦክሳይዱ ከመቶ አምስት እጅ ከምናምን።

ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ዘጠና አራት ነጥብ ሰባት። የቀረው አምስት ከምናምን እሱ ቆሻሻ ያለው ነበር።

ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ሐኪሟ ከካፍቴሪያው አንድ ሰሌዳ ሙሉ እንቁላል ተዋሰች። የካፍቴሪያዋ ኃላፊ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተከትላ መጣች፤ እንቁላሎቹ ቁርስ ላይ ይፈለጋሉ። ሐኪሟ ግማሹን እንቁላል በግማሹ ላይ እየደረበች፣ በእንቁላሎቹ መሃል ባሉት ክፍተቶች ትንንሽ ጠጠር ጨመረች። እንቁላሎቹ ኦክስጅን ናቸው፤ ጠጠሩ ዚርኮኒየም ነው። ጠጠሩ ለመቀመጫው ትንሽ ነው። እቶኑ ሲግል ሁሉም ነገር እየተርገፈገፈ ስለሚሰፋ በዙሪያው ያሉትን ስምንት እንቁላሎች ይዞ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይችላል። ሲቀዘቅዝ ግን ስምንቱን መያዝ ያቅተዋል፤ አንዱን ይለቅና ወደ ጎን ይጋደማል። እሱ ሲጋደም ጎረቤቱ ይጋደማል፤ ረድፉ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይንጋደዳል። የተጋደመ ሰልፍ ደግሞ ቀጥ ካለው የበለጠ ቦታ ይፈልጋል።

«ከመቶ አራት አምስት እጅ ያብጣል» አለች። «ድንጋይ እንደዚያ ካበጠ ከመፈንዳት ሌላ ምን ምርጫ አለው? እርስዎ የሰሙት ይህን ነው፣ ጋሼ። አቶሞቹ ሲጋደሙ።»

ቀጥላ ከጠጠሮቹ ሁለቱን አውጥታ በምትካቸው ተለቅ ያሉ ጠጠሮች አስገባች፤ አንድ እንቁላልም አንስታ ቦታውን ባዶ ተወችው። ባዕዱ አቶም ከባለቤቱ ወፈር ይላል፤ ኦክስጅን ግን ይዞ የሚመጣው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ባዕድ በገባ ቁጥር አንድ የኦክስጅን መቀመጫ ባዶ ይቀራል። ያ ባዶ ቦታ በዙሪያው ላሉት ትንንሾች እፎይታ ነው። ስምንት ለመያዝ መንጠራራቱ ይቀርላቸዋል፤ ሳይጋደሙ፣ በእሳት ጊዜ የነበራቸውን ሰልፍ እንደያዙ ይቀዘቅዛሉ። ጥቂት እንግዳ ገብቶ ሰልፉን በሙሉ ያቆመዋል።

የካፍቴሪያዋ ኃላፊ እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ ባዶ ቦታውን በጣቷ አሳየችና «ይቺ ግን ሠላሳኛዋ እንቁላል ናት፤ ትመለስልኝ» አለች። ተመለሰችላት።

አባ ጸጥታ ከሳቁት ጋር አልሳቁም። ሰሌዳውን እያዩ ቀርተው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እሳት ሲያዙ የኖሩበት ነገር ውስጡ ይህን ሁሉ ሥርዓት ይዞ መኖሩ፣ እሳቸውም ከውጭ ሆነው ድምፁን ብቻ ሲሰሙ መክረማቸው፣ በአንድ ጊዜ ደስም አላቸው፣ ከበዳቸውም። አዲሱ ዱቄት አምስት ቶን ያህል በመጋዘን ተቀምጧል። ይትሪያውን ከውጭ ጨምረው ያዋህዱት እንደሆን ጠየቁ። ሐኪሟ እሷም ያሰበችው ይህንኑ እንደሆነ ነገረቻቸው።

ይትሪያው በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ከመቶ አምስት እጅ ከሩብ መዝነው ከዱቄቱ ጋር በደረቁ አማሰሉት፤ ጨመቁት፤ ተኮሱት። ሐኪሟ በዚያን ቀን የዩኒቨርሲቲ ሥራዋን ትታ መጥታ ከአባ ጸጥታ ጎን ተቀመጠች። ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አለፈ፤ ዝም። ዘጠኝ መቶ አለፈ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ሊል ሲል ስምንት መቶ ሰባ ላይ አንድ ጠቅታ ተሰማ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ስድስት መቶ ላይ ሁለት። ደግሞ ሦስት መቶ ላይ አንድ። ሲከፈት ከየአራቱ ቀለበት ሦስቱ ደህና፣ አንዱ ስንጥቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መድኃኒቱ አንሶ እንደሆነ አሰበ፤ ከእጥፍ በላይ ይጨመርበት አለ። ሐኪሟ ገና እያሰበች ሳለ አባ ጸጥታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አላነሰም፣ ልጄ። ቢያንስ ኖሮ ሁሉም በአንድ ቁጥር ላይ ይጀምር ነበር። ይህ ግን አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ነው። አንድ ዱቄት ሳይሆን ብዙ ዱቄት የተኮስን ነው የመሰለኝ። አልተዋሃደም።»

ሐኪሟ አፏን ይዛ አየቻቸው። ባዕዱ ባነሰበት ጥግ ከፍ ባለ ሙቀት ይጋደማል፤ በዛ ባለበት ዝቅ ባለው። እሷ በራጅ ለማየት ሦስት ቀን የሚፈጅባትን ነገር ሽማግሌው በአንድ ረፋድ ጨርሰውታል። አላመሰገነቻቸውም፤ ልክ እንደ ሥራ ባልደረባ እንዴት ይዋሃድ ብላ ጠየቀቻቸው። አባ ጸጥታ መልሱን አዘጋጅተውት ነበር። ድሮ የጡብ ፋብሪካ ሳሉ ቀለም የሚያዋህዱት በውሃ፣ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ከጠንካራ ኳሶች ጋር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ይሽከርከር አሉ። ኳሶቹም ባዕድ ነገር እንዳይጨምሩ ከደህናዎቹ ቀለበቶች ስባሪ ይሠሩ። ሥራ አስኪያጁም ሐሳቡ እንዳይቀርበት ከእጥፍ በላይ የተጨመረበት ትንሽ ጭነት ለብቻው ተዘጋጀለት።

ሁለቱ ጭነቶች ጎን ለጎን ገቡ። በማግስቱ እቶኑ ከሺህ እስከ ሃምሳ ዲግሪ ሲወርድ፣ ከጡቡና ከበሩ በስተቀር የተናገረ አልነበረም። አባ ጸጥታ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳይነሱ ተቀምጠው፣ በመጨረሻ በደብተራቸው ላይ «ምንም» ብለው ጻፉ። ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

ቀለበቶቹ ሁሉ ደህና ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ከራሱ ጭነት አንዱን አንስቶ ሲያደንቅ ከእጁ አምልጦት ሲሚንቶው ላይ ወደቀና ለሁለት ተከፈለ። አባ ጸጥታ ከሌላው ጭነት አንዱን ወስደው ሆን ብለው ከደረታቸው ከፍታ ለቀቁት። ደወል የመሰለ ድምፅ ሰጥቶ ነጥሮ ተንከባለለ። ሥራ አስኪያጁ አንዴ ስባሪውን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየ።

ሐኪሟ ለሁለቱም ምክንያቱን ልታሳያቸው ማይክሮስኮፕ አስመጣች። ከሁለቱም ጭነት አንድ አንድ ስባሪ አለስልሳ፣ ጫፉ አልማዝ በሆነ መርፌ በኃይል ወጋቻቸው፤ ወጋ ሲያደርጋቸው ከጉድጓዱ ማዕዘን ስንጥቅ ይነሳል። መጀመሪያ የሥራ አስኪያጁን አሳየቻቸው። ስንጥቁ ቀጥ ብሎ፣ ማንም ሳይከለክለው፣ በመነጽሩ ከሚታየው መስክ ወጥቶ ሄዷል። ባዕዱ ከበዛ አቶሞቹ ፈጽሞ የማይነቃነቅ ሰልፍ ይይዛሉ፤ ጸጥ ያለ ነው፤ ስንጥቅ ሲመጣበትም ያው ጸጥ ብሎ ያሳልፈዋል።

ከዚያ የደህናውን አስገባችና ለአባ ጸጥታ ቦታ ለቀቀች። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ። ስንጥቁ ይነሳል፤ ትንሽ ይሄዳል፤ ይጠመዘዛል፤ ይቀጥናል፤ ከዚያ በመሃል ሜዳ ላይ ቆሟል። ከፊቱ ግድግዳ የለም፣ ቀዳዳ የለም።

«ማን አቆመው?» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

«አቶሞቹ» አለች ሐኪሟ። «ባዕዱ ልክ ልኩን ሲሆን የያዛቸው ለጥቂት ነው። ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ መጋደሙን ግን አልረሱትም። ስንጥቅ መጥቶ ሲገፋቸው አጠገቡ ያሉት ብቻ ይለቃሉ፤ ይጋደማሉ፤ ያብጣሉ። ሲያብጡ ስንጥቁን ግራና ቀኝ ጨምቀው ይዘጉበታል። ያ ሁለት መቶ አርባ ቀለበት ያፈረሰብዎት እብጠት ነው ይህኛውን ያዳነው።»

አባ ጸጥታ ቀና አላሉም። ሐኪሟ ያዩት ነገር ጠፍቶባቸው ይሆን ብላ ጠበቀች። በመጨረሻ ሲነሱ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር፤ በእጃቸው ጀርባ ጠረጉትና መብራቱ ብርቱ ነው ብለው አመካኙ። ሥራ አስኪያጁም ተራውን አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን እንደገና ሰበሰበ። እጁ ላይ ወረቀት አልያዘም። በወረቀት ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር አይቶ የቀረው ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ መግዛቱን፣ ጥፋቱንም አጠገቡ በተገኙ ሰው ላይ መጣሉን ተናገረ። አንገቱን አልደፋም፤ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም፤ ግን እያንዳንዱን ቃል ጎትቶ ነበር የሚያወጣው። አባ ጸጥታን በስማቸው ጠርቶ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸውም ዱቄቱ ሲመጣ እኔም አጨብጭቤያለሁ ብለው መለሱለትና፣ የታፈነው ሰው ሁሉ በሳቅ ተነፈሰ። ከዚያን ቀን በኋላ አዲስ ነገር ሊገዛ ሲል ወረቀቱን መጀመሪያ ወደ እቶኑ አዳራሽ ይዞ ይመጣል። የውሃ መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መቶ ቀለበቶች የተቀበለው መጋዘኑ ባዶ ሊሆን ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ከተማው ምንም አላወቀም፤ ቧንቧውን ሲከፍት ውሃ መጣለት።

ሐኪሟ ሥራውን በጽሑፍ አዘጋጅታ ሁለት ስም ጻፈችበት፤ የአባ ጸጥታን ከራሷ አስቀድማ። ግልባጩን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብለው አነበቡት። ያልገባቸውን ሲጠይቁ አባ ጸጥታ ጠረጴዛው ላይ ባገኙት ቁልፍና የቡሽ ክዳን እያሰለፉ አስረዷቸው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ይህን ያህል ተናግረው አያውቁም። ባለቤታቸው አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው እንደ ተማሪ አዳመጡና አንድ ነገር ጠየቁ፦ ባዶ በቀረው መቀመጫ ጎረቤቱ ለምን ገብቶ አይቀመጥበትም?

አባ ጸጥታ ሰኞ ጠዋት ለሐኪሟ ደወሉ። ጥያቄውንም ነገሯት።

«ይገባበታል እኮ፣ ጋሼ። ሲሞቅ ኦክስጅኑ ከባዶ ወደ ባዶ እየዘለለ በድንጋዩ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ባዶው ባይኖር መንገድ አያገኝም ነበር። እኔ አሁን የያዝኩት ሥራ ይህ ነው፤ በዚያ መንገድ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ። ማን ነው የጠየቀው?»

«ባለቤቴ ናት።»

«እንግዲያው ሐሙስ አብረው ይምጡ» አለች። «ገና ያልተፈታልን ብዙ ነገር አለ።»

ሐሙስ ዕለት አባ ጸጥታ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስደው ልብሳቸውን ለባብሰው ሲጠብቁ፣ ባለቤታቸው ከመሳቢያቸው አዲስ ደብተር አውጥተው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፈው ጨረሱ። አራተኛውን የጻፉት አውቶቡስ ውስጥ ነው።